የእርድን ኩርኩሚን በናኖ ጄል ማዘጋጀት፦ ሥራው ከመሟሟት ይጀምራል

አልጫ ወጥ የሚሠራ ሰው እርዱን በሚንተከተክ ውኃ ላይ አይበትነውም፤ ሽንኩርቱ በዘይት ወይም በቅቤ ሲቁላላ ጠብቆ ይጨምረዋል፤ ቢጫው ቀለምም ወዲያው በዘይቱ ውስጥ ሲሠራጭ ይታያል። ከዚያው ወጥ አንድ ጠብታ በነጭ ነጠላ ላይ ቢወድቅና በሳሙና ቢታሽ ቢጫው ነቁጥ ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል፤ ነጠላው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ነቁጡ እየደበዘዘ ይሄዳል። በየቤቱ የሚታዩት እነዚህ ሦስት ነገሮች ስለ ኩርኩሚን፣ ማለትም ስለ እርድ ዋና ቢጫ ውሁድ፣ ማወቅ የሚገባንን አብዛኛውን ነገር ይነግሩናል፦ በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ይሟሟል፤ አልካሊ ይለውጠዋል፤ ብርሃን ያፈርሰዋል። በቆዳ ላይ የሚቀባ ፀረ ብግነት ጄል ከኩርኩሚን ለማዘጋጀት የሚነሣ ሰው ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር ነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚታገለው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በፋርማሲ፣ በኬሚስትሪ ወይም በተቀራራቢ ሙያ ለሚማሩና ለሚመራመሩ፣ ሚዛንና ፒኤች ሜትር ያለበት ቤተ ሙከራ ለሚያገኙ አንባቢዎች ነው። በቤት ውስጥ ተሠርቶ ለሕመም እንዲቀባ የታሰበ አይደለም። ለምሳሌነት የመረጥኩት ኩርኩሚንን ከዘይት ጠብታዎች ጋር በጄል ውስጥ የሚይዘውን፣ በሙያው ናኖኢመልጄል የሚባለውን ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም ውድ መሣሪያ ሳይኖር ሊሞከር የሚችለው ይህ በመሆኑና ሌሎቹን ናኖ ተሸካሚዎች፣ ሊፖሶምንም (በቅባት ሽፋን የተከበበ ጥቃቅን ከረጢት) ሆነ ጠጣር የቅባት ቅንጣቶችን፣ ለመረዳት ጥሩ መነሻ ስለሚሆን ነው።

ናኖ መሆኑ ምን ይጠቅማል?

የቆዳችን የላይኛው ንጣፍ ውፍረቱ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ሆኖም የሞቱ ሕዋሳት እንደ ግንብ ድንጋይ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ቅባት እንደ ጭቃ ተሞልቶ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ነገር አያሳልፍም። በሙያው የተለመደ አንድ መነሻ ደንብ አለ፦ ሞለኪዩላዊ ክብደቱ ከ500 ዳልተን በላይ የሆነ ውሁድ ጤነኛ ቆዳን ለማለፍ እጅግ ይቸገራል። የኩርኩሚን ክብደት ወደ 368 ዳልተን ነው፤ ስለዚህ እንቅፋቱ የሞለኪዩሉ ትልቅነት አይደለም። እንቅፋቱ፣ በውኃማ ጄል ውስጥ የተበተነ ኩርኩሚን ሳይሟሟ እንደ ጥቃቅን ክሪስታል መቆየቱ ነው፤ ክሪስታል ደግሞ በቆዳ ላይ ተኝቶ ቢጫ ቀለም ከመስጠት በስተቀር ወደ ውስጥ የሚገባ ነገር እምብዛም የለውም።

ኩርኩሚኑን በዘይት አሟሙተን ዘይቱን ከ20 እስከ 200 ናኖሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች ስንበትነው ሁለት ነገር እናተርፋለን። አንደኛ፣ ውሁዱ ሟሙቶ እንዳለ በውኃማው ጄል ውስጥ ይቆያል። ሁለተኛ፣ ዘይቱ ከአካባቢው ጋር የሚነካካበት ገጽ እጅግ ይሰፋል፦ 1 ሚሊሊትር ዘይት 10 ማይክሮሜትር ስፋት ባላቸው ጠብታዎች ቢከፋፈል የጠብታዎቹ ገጽ ተደምሮ 0.6 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ጠብታዎቹ ወደ 100 ናኖሜትር ቢወርዱ ግን ያው 1 ሚሊሊትር 60 ካሬ ሜትር ገጽ ይኖረዋል። ከዚህ በተጨማሪ ለማቀላቀል የምንጠቀምባቸው፣ ዘይትንና ውኃን የሚያስታርቁት ሰርፋክታንቶችና እነርሱን የሚያግዙት አጋር አሟሚዎች የቆዳውን ቅባት በመጠኑ ያላላሉ።

ናኖ ጠብታዎች ግን ሙሉ አካላቸውን ይዘው በጤነኛ ቆዳ ውስጥ ሰርስረው የሚሄዱ ተደርገው መሳላቸው ያሳስበኛል፤ ብዙ ተማሪዎች ይህን ሥዕል በአእምሯቸው ይዘው ስለሚመጡ ጉልበታቸውን ሁሉ ጠብታውን በማሳነስ ላይ ያውሉታል። የጠብታው ዋና ሥራ ተሸካሚነት ነው፦ ኩርኩሚኑን ሟሙቶ እንዳለ እስከ ቆዳው ገጽ አድርሶ እዚያ ማስረከብ። ከዚህ በመነሣት አንድ አቋም ልናገር፤ ይህን ሥራ በመጠን ሳይሆን በመሟሟት መጀመር አለብን። 40 ናኖሜትር ጠብታ ይዞ ኩርኩሚኑን በሳምንቱ የሚተፋ ቅልቅል፣ 150 ናኖሜትር ሆኖ ዓመት ከሚይዘው ጋር ሊወዳደር አይችልም።

ጥሬ ዕቃውን መምረጥ

እርድ በአገራችን በደቡብ ምዕራብ፣ በተለይ በቴፒና በአካባቢው ይመረታል፤ በደረቅ ሥሩ ውስጥ የሚገኘው ኩርኩሚን ግን በክብደት ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ለምርምር ከዱቄቱ ሳይሆን ከተጣራው ውሁድ መነሣት ይሻላል። በገበያ «ኩርኩሚን» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የሦስት ተቀራራቢ ውሁዶች ድብልቅ ነው፦ ወደ ሦስት አራተኛው ኩርኩሚን ራሱ ሲሆን የቀረው ዴሜቶክሲኩርኩሚንና ቢስዴሜቶክሲኩርኩሚን ነው። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ነገር ግን የየጥቅሉን የትንተና ወረቀት ሳያዩና የጥቅሉን ቁጥር ሳይመዘግቡ ሥራ መጀመር በኋላ ውጤቱን መድገም እንዳይቻል ያደርጋል። ከዱቄት ራስዎ የሚያወጡ ከሆነ ደግሞ የእርሳስ ብክለትን ያስመርምሩ፤ በባንግላዴሽ ቀለሙ እንዲደምቅ እርድ ላይ ሊድ ክሮሜት ይጨመር እንደነበረ በጥናት ተረጋግጧል፤ ለቆዳ የሚቀባ ነገር ላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ መተው አይገባም።

ሟሚነትን መለካት

ይህ ክፍል ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት ነው፤ እኔ ግን ከሥራው ሁሉ ረጅሙን ጊዜ እዚህ ላይ ማዋልን እመክራለሁ። ለእያንዳንዱ ዕጩ ዘይት፣ ሰርፋክታንትና አጋር አሟሚ አንድ ቡናማ ብልቃጥ ያዘጋጁ። ከዘይቶች ኦሌይክ አሲድ፣ አይሶፕሮፒል ማይሪስቴት፣ ኤምሲቲ ዘይትና ካፕሪዮል 90፤ ከሰርፋክታንቶች ትዊን 80ና ትዊን 20፤ ከአጋር አሟሚዎች ትራንስኩቶል ፒ፣ ፔግ 400ና ፕሮፒሊን ግላይኮል የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። በየብልቃጡ 2 ሚሊሊትር ፈሳሽ አድርገው ሊሟሟ ከሚችለው በላይ ኩርኩሚን ይጨምሩ፤ ከታች ያልሟሟ ዱቄት መታየት አለበት። ብልቃጦቹን በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በሚነቀንቅ መሣሪያ ላይ ያቆዩ፣ በሴንትሪፊውጅ ያዘቅጡ፣ ከላይ የጠራውን በጥንቃቄ ወስደው በሜታኖል ያቅጥኑና በስፔክትሮፎቶሜትር በ425 ናኖሜትር አካባቢ ይለኩ።

የማቅጠኑን ልክ ለመገመት የሚረዳ አንድ ቁጥር አለ፤ በ100 ሚሊሊትር ኤታኖል ውስጥ 1 ግራም ኩርኩሚን ቢሟሟ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት በ426 ናኖሜትር የሚኖረው የስሌት አብዞርባንስ (ብርሃን የመምጠጥ ልክ) 1607 ነው። ይህም ማለት በ1 ሚሊሊትር 5 ማይክሮግራም የያዘ ብጥብጥ ወደ 0.80 ያነባል፤ ስለዚህ የመለኪያ መስመርዎን ከ1 እስከ 5 ማይክሮግራም ባለው መካከል ቢሠሩ ንባቡ በሚታመን ክልል ውስጥ ይውላል። ብጥብጡን በመስኮት አጠገብ አያቆዩት፤ ቢከሩን በአሉሚኒየም ወረቀት መጠቅለል ልማድ ይሁንዎ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ኩርኩሚን በትራንስኩቶልና በትዊን 80 ውስጥ ለብቻቸው ሲለካ በጣም ጥሩ ይሟሟል፤ ተማሪውም ያንን ቁጥር ይዞ ብዙ ኩርኩሚን ይጭናል። ውኃ ሲጨመር ግን ትራንስኩቶል ዘይቱን ትቶ ወደ ውኃው ይሄዳል፣ የመያዝ አቅሙም አብሮ ይወርዳል። በአንድ ወቅት የሠራሁት ቅልቅል ማታ ሲጠናቀቅ እንደ ጠራ ወለላ ማር ነበር፤ በማግስቱ ከማቀዝቀዣ ሳወጣው ብልቃጡ ሥር ብርቱካናማ መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ተደርድረው አገኘሁ። በመሣሪያ የተለካው የጠብታ መጠን የሚያኮራ ነበር፤ ኩርኩሚኑ ግን ጠብታው ውስጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ሟሚነትን ሁለት ጊዜ እለካለሁ፦ አንዴ በየፈሳሾቹ፣ ሁለተኛ ውኃው ሁሉ ገብቶ ባለቀው ናኖኢመልሽን፣ ማለትም ናኖ የዘይት ጠብታዎች በውኃ ውስጥ በተበተኑበት ቅልቅል ውስጥ። የምጭነውም በሁለተኛው ልኬት ከተገኘው የጥጋብ መጠን ከሁለት ሦስተኛው አይበልጥም።

የቅልቅሉን ካርታ መሥራት

ዘይት፣ ሰርፋክታንትና ውኃ በምን መጠን ሲገናኙ ጥሩ ናኖኢመልሽን እንደሚሰጡ የሚያሳየው ባለ ሦስት ማዕዘን ካርታ ነው። ሰርፋክታንቱን ከአጋር አሟሚው ጋር በክብደት 1 ለ 1፣ 2 ለ 1 እና 3 ለ 1 አድርገው ሦስት ድብልቅ ይሥሩ። እያንዳንዱን ድብልቅ ከዘይቱ ጋር ከ1 ለ 9 እስከ 9 ለ 1 ባሉት መጠኖች ያዋሕዱ፤ ከዚያ በማግኔት ማማሰያ እየተማሰለ ውኃ በጠብታ በጠብታ ይጨምሩ፤ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ ትንሽ ቆይተው የጠራ፣ ሰማያዊ ጥላ ያለው፣ እንደ ወተት የነጣ ወይም የረጋ መሆኑን ይመዝግቡ።

ይህን ካርታ ያለ ኩርኩሚን ይሥሩት። ቢጫው ቀለም ብዥታን ይደብቃል፤ ቅልቅሉ ሲደፈርስ ዐይን አያየውም። ባዶው ፈሳሽ ላይ ግን የስልክ መብራት ከጎን ቢያበሩ ብርሃኑ በፈሳሹ ውስጥ ሲያልፍ ፈዛዛ ሰማያዊ መንገድ ይታያል፤ ጠብታዎቹ በናኖ መጠን እንዳሉ የሚጠቁም ርካሽና ፈጣን ምልክት ነው። ብዙ ሰርፋክታንት ባለበት የካርታው ጥግ የሚገኘው እጅግ የጠራ ፈሳሽ ያምራል፤ ነገር ግን ለብግነት የተጋለጠ ቆዳ ብዙ ሰርፋክታንት አይወድም። ከካርታው ላይ የሚመረጠው ነጥብ ከሁሉም የጠራው ሳይሆን በትንሹ ሰርፋክታንት ረግቶ የሚቆየው ነው።

ናኖኢመልሽኑን ማዘጋጀት

ለ100 ግራም ጄል መነሻ የሚሆን ምሳሌ ልስጥ፤ ቁጥሮቹ በራስዎ የሟሚነት ልኬትና ካርታ የሚስተካከሉ ናቸው። ለናኖኢመልሽኑ ግማሽ፣ ማለትም ለ50 ግራም፦ ኩርኩሚን 0.25 ግራም፣ ካፕሪዮል 90 5 ግራም፣ ትዊን 80 10 ግራም፣ ትራንስኩቶል ፒ 5 ግራም፣ የተጣራ ውኃ 29.75 ግራም። ኩርኩሚኑ መጀመሪያ በትራንስኩቶሉና በዘይቱ ድብልቅ ውስጥ እስኪሟሟ በብርሃን በተከለለ ቢከር ይማሰል፤ ማሞቅ ካስፈለገ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። በማጉያ መነጽር አንድ ፍሬ እንኳ እንዳልቀረ ሳያዩ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። ከዚያ ትዊን 80ው ይግባ፤ ወፍራም ስለሆነ በመርፌ መለካት ስሕተት ያመጣል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በክብደት ይመዘን።

ውኃው የሚጨመረው በቋሚ ፍጥነት፣ በቀጭኑ፣ ማማሰያው ሳይቆም ነው። በመካከሉ ቅልቅሉ ድንገት ወፍሮ እንደ ቅባት ይሆናል፤ ብዙዎች እዚህ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ። ይህ ውኃው በዘይት ውስጥ ከነበረበት ሁኔታ ዘይቱ በውኃ ውስጥ ወደሚሆንበት የሚገለበጥበት ወቅት ስለሆነ ታግሦ መቀጠል ነው፤ ጥቂት ውኃ ሲጨመር ተመልሶ ይቀጥናል። ሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ ጠብታን የሚሰባብር መሣሪያ) ያለው ቤተ ሙከራ የተገኘውን ቅልቅል በበረዶ ውስጥ አስቀምጦ በአጫጭር ምት፣ በየመካከሉ እያሳረፈ ሊያሳንሰው ይችላል፤ በረዶው የግድ ነው፤ የሶኒኬተሩ ጫፍ ፈሳሹን በፍጥነት ስለሚያሞቀው ኩርኩሚኑም ጠብታውም ይጎዳሉ።

የተዘጋጀው ናኖኢመልሽን ወደ ጄል ከመግባቱ በፊት ይፈተን። በደቂቃ 3,500 ዙር ለ30 ደቂቃ በሴንትሪፊውጅ ይሽከርከር፤ ከዚያም በ4 እና በ45 ዲግሪ መካከል፣ በእያንዳንዱ 48 ሰዓት እየቆየ፣ ስድስት ዙር ይመላለስ። ከተለያየ፣ ካቀረረ ወይም ክሪስታል ከጣለ ወደ ካርታው መመለስ ነው። ያለፈው ብቻ ወደ ጠብታ መለኪያው ይሄዳል፤ እዚያም ከአማካዩ መጠን ጋር የስርጭቱ መለኪያ፣ ፒዲአይ የሚባለው፣ ከ0.3 በታች መሆኑ ይታያል። ናሙናው ሳይቀጥን ቢለካ ውጤቱ ይዛባል፤ ሲቀጥን ደግሞ ጠብታው ራሱ ሊለወጥ ስለሚችል ያቀጠኑበትን ልክ በመዝገብዎ ላይ ይጻፉ።

ጄሉን ማያያዝ

ለጄሉ ግማሽ፣ ለ50 ግራም፣ 0.5 ግራም ካርቦፖል 940፣ ማለትም ውኃን ወደ ጄል የሚያረጋ ዱቄት፣ ያስፈልጋል። ካርቦፖሉን እንደ ዱቄት በአንድ ጊዜ ውኃ ላይ ቢደፉት ውጭው ረግቶ ውስጡ የደረቀ ጉብጉብ ይሠራል፤ ገንፎ የሚያገነፋ ሰው ይህን ያውቀዋል። በወንፊት እየነሰነሱ፣ ውኃው እየተሽከረከረ ይጨምሩትና ሌሊቱን እንዲርስ ይተዉት። ጠዋት የሚያገኙት ቀጭን፣ ደመናማና አሲዳማ ፈሳሽ ነው፤ ጄል የሚሆነው አሲዱ ሲገራ ነው።

ለመግሪያ ትራይኤታኖላሚን የተባለ አልካሊ እንጠቀማለን፤ እዚህ ላይ የነጠላው ነቁጥ ትምህርት ይመለሳል። በብዙ ጽሑፎች ናኖኢመልሽኑ ካልተገራው ካርቦፖል ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ትራይኤታኖላሚን እንዲጨመር ይታዘዛል። እኔም እንዲሁ አድርጌ ነበር፤ ያልቀጠነ ትራይኤታኖላሚን በፒፔት ጠብ ባደረግሁበት ቦታ ሁሉ በቢጫው ጄል ላይ ደም የመሰለ ቀይ ጅማት ተዘረጋ፤ በማንኪያ ሳማስለው ቀይነቱ ጠፋ፣ ፒኤች ሜትሩም 5.8 አነበበ፤ ሥራው የተስተካከለ መሰለኝ። ነገር ግን ጠብታው በወረደበት ነጥብ ፒኤቹ ለአፍታ እጅግ ከፍ ብሎ እንደነበረ ያ ቀይ ጅማት መስክሯል፤ ኩርኩሚን ደግሞ ከ7 በላይ በሆነ ፒኤች በደቂቃዎች ውስጥ መፈራረስ የሚጀምር ውሁድ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥን እመርጣለሁ። ካርቦፖሉን ብቻውን፣ በውኃ ወደ ከመቶ 10 እጅ በቀጠነ ትራይኤታኖላሚን፣ ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6 እስኪደርስ ይግሩት፤ ጄሉ ከረጋ በኋላ ናኖኢመልሽኑን በሦስት ወይም በአራት ጊዜ ከፋፍለው በፕላስቲክ ወይም በመስታወት ማማሰያ በቀስታ ያዋሕዱት። ይህ ቅደም ተከተል ሌላም ጥቅም አለው፤ ያልተገራ ካርቦፖል እንደ ትዊን ካሉ ሰርፋክታንቶች ጋር እየተያያዘ ሊደፈርስ ይችላል፣ የተገራው ግን ከዚህ ይድናል። የብረት ማንኪያ አይጠቀሙ፤ ኩርኩሚን ከብረት ጋር ይተሣሠራል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ጨው ያለበት ማንኛውም ተጨማሪ ነገርም ካርቦፖሉን ያቀጥነዋል።

ውኃ ያለበት ጄል ተሕዋስያን ያፈራልና መከላከያ ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ በልማድ የሚጨመሩት ፓራቤኖች በትዊን 80 ተይዘው ኃይላቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ 0.8 ግራም ፊኖክሲኤታኖልን መነሻ ማድረግ ይሻላል፤ በአውሮፓ ሕግ ለመዋቢያ ምርቶች የተፈቀደው ጣሪያ ከመቶ 1 እጅ ነው። መከላከያው በእርግጥ መሥራቱን የሚያረጋግጠው ግን ጄሉን ሆን ብሎ በተሕዋስያን በመበከል የሚደረገው ፈተና ብቻ ነው። ሁለቱ ግማሾች ሲዋሐዱ የኩርኩሚኑ መጠን ከመቶ 0.25፣ የካርቦፖሉ ከመቶ 0.5 ይሆናል። ትዊኑ ከመቶ 10 ይደርሳል፤ ይህ ለቆዳ ብዙ ነው፤ ቀጣዩ የማሻሻል ሥራ ቢኖር መጀመሪያ የሚቀነሰው እርሱ ነው።

ምን እንለካ፣ እንዴትስ እናንብበው?

ፒኤች፣ ዝልግልግነትና በቆዳ ላይ የመዘርጋት አቅም በየመማሪያው ስላሉ አልዘገይባቸውም። ከቱቦው አፍ፣ ከመካከሉና ከሥሩ ናሙና ወስዶ የኩርኩሚኑን መጠን ማነጻጸርና ስስ ንጣፍ ጄል በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ አይቶ የሚያበራ ክሪስታል አለመኖሩን ማረጋገጥ ግን አይዘለሉ። ስፔክትሮፎቶሜትሩ ለዕለቱ ሥራ ይበቃል፤ ለቆይታ ጥናት ግን ኤችፒኤልሲ ያስፈልጋል፤ ሦስቱን ውሁዶችና ስባሪዎቻቸውን የሚለየው እርሱ ነውና።

ከቆዳ ጋር የሚደረገው ሙከራ በፍራንዝ ሴል ነው፦ ከላይ ጄሉ፣ በመካከል የአሳማ ጆሮ ቆዳ ወይም ሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን፣ ከታች ተቀባይ ፈሳሽ፤ የቆዳው ገጽ 32 ዲግሪ እንዲሆን ይጠበቃል። ተማሪዎች በልማድ ተቀባዩን ፈሳሽ ፒኤቹ 7.4 የሆነ ፎስፌት ያደርጉታል። ይህ ለብዙ መድኃኒት ደኅና ነው፤ ለኩርኩሚን ግን ጥፋት ነው፤ በ37 ዲግሪ፣ ፒኤቹ 7.2 በሆነ ፎስፌት ውስጥ ወደ 90 ከመቶ የሚሆነው በ30 ደቂቃ ውስጥ እንደሚፈርስ ከ1997 ጀምሮ ይታወቃል። በዚህ ላይ በውኃው ስለማይሟሟ ወደ ታች የደረሰው ጥቂቱም ቶሎ ይጠግባል። ሁለቱ ተደምረው «ምንም አላለፈም» የሚል የሐሰት ውጤት ይሰጣሉ። ስለዚህ የተቀባዩ ፒኤች ወደ 5.5 ይውረድ፣ በቂ ሟሚነት እንዲኖረውም ትዊን ይጨመርበት፤ ኩርኩሚን ለ24 ሰዓት በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሳይፈርስ መቆየቱም ከሙከራው በፊት ለብቻው ይረጋገጥ።

ውጤቱን ስናነብ ብዙ ኩርኩሚን ወደ ታች መውረዱን እንደ ድል አንቁጠረው። የቆዳ ብግነትን ማከም ከሆነ ዓላማው፣ የምንፈልገው ውሁዱ በቆዳው ውስጥ እንዲቀር ነው። ስለዚህ ሙከራው ሲያልቅ የቆዳው ገጽ ይጸዳል፣ የላይኛው ንጣፍ በተለጣፊ ቴፕ ደጋግሞ ይላጣል፣ የቀረው ቆዳ ተከታትፎ በሜታኖል ይዘፈዘፋል፤ ሦስቱም ለየብቻ ይለካሉ። ንጽጽሩም በሦስት ይሁን፦ ናኖ ጄሉ፣ ተመሳሳይ መጠን ኩርኩሚን በተራ ጄል፣ ኩርኩሚን የሌለበት ባዶ ናኖ ጄል።

ይህ ባዶ ጄል በፀረ ብግነት ሙከራውም ላይ ሊቀር አይገባም። በአይጥ እግር ላይ ከመቶ 1 ካራጂናን (እብጠት የሚያስነሣ ውሁድ) 0.1 ሚሊሊትር በመውጋት እብጠቱን በየሰዓቱ የሚለካው የታወቀ ሙከራ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ አግኝቶ ሲሠራ፣ ባዶ ጄል የተቀባው ቡድን ከሌለበት የታየው መሻሻል የኩርኩሚኑ ይሁን የማሻሸቱና የዘይቱ አይለይም። በሕዋስ ላይ የሚሠሩ ደግሞ ኩርኩሚን ራሱ ቀለም ያለውና የሚያበራ ውሁድ መሆኑን አይርሱ፤ በቀለም የሚነበቡ ሙከራዎችን ያሳስታል። በ2017 የመድኃኒት ኬሚስቶች ያወጡት ሰፊ ግምገማ ስለ ኩርኩሚን የተጻፉ ብዙ አዎንታዊ ውጤቶች በዚህና በመፈራረሱ የተነሣ ሊታመኑ እንደማይችሉ አስጠንቅቋል። ይህን ማስጠንቀቂያ ጠላት አድርገን ልናየው አይገባም፤ ለእርዱ ክብር ያለው ሰው ከማንም በላይ ጥብቅ ማነጻጸሪያ ሊያስቀምጥ ይገባዋል።

ማስቀመጥና ለሰው ከመድረሱ በፊት

ጄሉ ውስጡ በተለበጠ የአሉሚኒየም ቱቦ ይሞላ፤ ግልጽ ፕላስቲክ ምንም ያህል ቢያምር ብርሃን ያስገባል። የቆይታ ጥናቱ በ25 ዲግሪና 60 ከመቶ እርጥበት፣ በተጓዳኝም በ40 ዲግሪና 75 ከመቶ እርጥበት ለ6 ወራት ይካሄድ። በአዲስ አበባ ቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ጄል በጋምቤላ ወይም በሰመራ ፋርማሲ እንደዚያው ይቆያል ብሎ መገመት አይቻልም፤ ሙቀቱ የተለየ ነው። በየወሩ ክሪስታልን፣ ፒኤችን፣ የጠብታ መጠንንና የኩርኩሚንን ልክ ይመዝግቡ፤ ቢጫው ሳይደበዝዝም ኩርኩሚኑ ሊጎድል ስለሚችል በዐይን መፍረድ አይበቃም።

እርድ በየወጡ የምንበላው መሆኑ ቆዳ ላይ ሲቀባ ማንንም አይጎዳም ማለት አይደለም፤ በኩርኩሚን ምክንያት የሚነሣ የቆዳ አለርጂ በሕክምና መዛግብት ተመዝግቧል፤ በዚህ ጄል ውስጥ ያሉት ሰርፋክታንቶችም ያሳክካሉ። በተከፈተ ቁስል ላይና በዐይን አካባቢ የሚውል አይደለም። በሰው ላይ የሚደረግ ማንኛውም ሙከራ የሥነ ምግባር ኮሚቴን ይሁንታና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ ይጠይቃል። ለዚያ ማመልከቻ የሚያስፈልገው ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚጠራቀም ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጥቅል ሁለት ቱቦ ሳይከፈት ይቀመጥ፤ በላዩም የጥቅሉ ቁጥር፣ የተሠራበት ቀን፣ የኩርኩሚኑ ምንጭና በዕለቱ የተነበበው ፒኤች ይጻፍበት።